«ድራማ ነው» የተባለው በአማርኛ ብቻ ነበር

ባለፈው ሳምንት የልጄን ዩኒፎርም ወደ ሳፋው ልወረውር ስል አንገትጌው ላይ ሽቶ ሸተተኝ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሽቶ የለም። ባለቤቴ ዳንኤል ከሳሙና ሌላ የሚቀባው ነገር የለም፤ እኔም ብሆን በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት ሽቶን ከላብ ጋር ማዋጋት ትርፉ ራስ ምታት ነው ብዬ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ይኼኛው ግን ከባድ ነው፤ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ሰውየው ካለፈ በኋላም በር ላይ የሚቀር ዓይነት። ሸሚዙን አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ነጂማ ሸተተችኝ። ዛሬ ሳቢያን የምትኖረው፣ መነጽር አድርጋ ጨርቅ የምትሸጠው ነጂማ አይደለችም፤ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ነጂማ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትሄድ፣ ከኋላዋ ያለነው ሁሉ ሽቶዋን እየተከተልን የምንሄደው።

ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል ነገር ድሬ አልደረሰም። ከለገሃሬ ሳቢያን የሚያደርሰው ጋሪ ነው፤ ሦስት አራት ልጆች ሳንቲም አዋጥተን፣ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ ፈረሱ ሽቅቡን ሲያዘግም ባለጋሪው እኛን ይሰድባል እንጂ ፈረሱን አይናገርም። ባቡሩም በሕይወት ነበር። አባቴ የባቡሩ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ስለነበረ የቤታችን ሰዓት ፉጨቱ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ሲዘገይ ምሳችንም አብሮ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይሰየማል፣ ፀሐዩ ላይ የሚንከራተተው ተማሪ ብቻ ነው። ቀፊራ ገበያ በር ላይ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጅያ በስሙኒ ገዝተን፣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘይቱ ሳያጠፋው እናነበው ነበር። ቀዩን ቪምቶ ጠጥተን ምላሳችን ስለሚቀላ እናቶቻችን ገንዘቡን የት እንዳደረስነው ወዲያው ያውቁብናል። ልብሱማ አይነሳ። ሌላው አገር ዓመት በዓል ሲመጣ ብቻ አዲስ ሲለብስ፣ እኛ በኮንትሮባንድ የገባውን ሁሉ ታይዋን ከምንለው ገበያ እያነሳን እንዘንጣለን፤ ቤት ስንገባ ደግሞ ሽቲያችንን፣ ያንን ስስ የቤት ቀሚስ፣ ለብሰን ንፋስ ፍለጋ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። ካሴት ቤቶቹ ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረው አንዱ የሶማሌ፣ አንዱ የኦሮምኛ፣ አንዱ የአማርኛ ዘፈን ሲለቁ መሃል ላይ የቆመ ሰው በየትኛው እንደሚወዛወዝ ግራ ይገባዋል። ውብ ጊዜ ነበር። ግን ሰው ይሞት ነበር። ወጣት ይሞት ነበር፤ ቤተሰቡም «ሳንባ ነው»፣ «ወባ ነው» ይላል፤ ለቀስተኛውም የሰማውን እንዳላመነ እየታወቀበት ይቀበላል።

ልጄ ሶስና ይኼንን ሁሉ አታውቅም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የሽቶውን ነገር ስጠይቃት «ጓደኛዬ ሰጠችኝ» አለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስላየሁት አዲስ ስልክ ስጠይቃት ደግሞ «የሷ አሮጌ ነው» አለች፤ የስክሪኑ ላስቲክ እንኳን ገና አልተላጠም። ግቢያችን ውስጥ የሚከራየው ባለባጃጅ፣ እያፈረ፣ ከዚራ አካባቢ መስታወቱ ከጠቆረ መኪና ስትወርድ እንዳያት ነገረኝ። የሚነዳው የእኔ እኩያ ነው አሉ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ የማውቀውን ትምህርት ሁሉ ደረደርኩላት። ሳቀችብኝ። «እማ፣ ኤድስ እኮ የእናንተ ዘመን ነው። አሁን ማን ስለ እሱ ያወራል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትምህርት ቤቷ ውስጥ የፀረ ኤድስ ክበቡ ስሙ አለ፤ ልጆቹ ግን ችግኝ ያጠጣሉ እንጂ ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። እኔ ልጄን ሊያስቆማት የሚችል አንድ ታሪክ አለኝ። ታሪኩ ግን የእኔ አይደለም፣ የነጂማ ነው። ላወጣው አልችልም።

የእኛ ክበብ እንዲህ አልነበረም። ያቋቋመው የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር ገዛኸኝ ነው፤ ከደሴ የመጣ፣ ሙቀቱን በስድስት ዓመትም ያልለመደው፣ ሲያስተምር መሀረቡን ከግንባሩ የማያነሳ ሰው። «መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን» ብሎ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርድና ፊቱን ወደ ሰሌዳው ያዞራል። በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ግጥም እናነባለን። በቢሮው በር ላይ የጥያቄ ሳጥን ሰቅሏል፤ ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ያሻውን ይጠይቃል። ዓርብ ዓርብ እንከፍተዋለን። «ቢምቢ ያስተላልፋል ወይ?» ይላል አንዱ። «ወፍራም ሰው ይይዘዋል ወይ?» ይላል ሌላው። «ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆነ፣ ሰውየውም ሀብታምና ንጹሕ ከሆነ ያሰጋል ወይ?» የሚል ወጣ አንድ ቀን። በዚህኛው በጣም ሳቅን።

የዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ላይ ክበባችን ድራማ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ዋናዋ ተዋናይ እኔ ሆንኩ፤ እንባዬ ቅርብ ስለሆነ ነው የመረጡኝ። ቲቸር ገዛኸኝ አንድ የማይሻር ደንብ ነበረው፤ ተዋናይ በገዛ ስሙ ይጫወት፣ ያኔ አይደናገርም ይላል። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፤ ወላጅ ብቻ ሳይሆን ከገበያ የተመለሰው፣ ከጀልዴሳ ወተት ይዞ የመጣው ሁሉ ገባ። ድሬ ውስጥ ሕዝብ ሲሰበሰብ እንደሚደረገው ሕዝቡ በሦስት ወገን ተቀመጠ፤ አማርኛ የሚሰማው ፊት ለፊት፣ ኦሮምኛ የሚሰማው በግራ ዛፉ ሥር፣ ሶማልኛ የሚሰማው በቀኝ በግንቡ ጥላ። ለግራና ለቀኙ አንዳንድ ተማሪ ዴስክ ላይ ቆሞ ያስተረጉማል። ቲቸር ገዛኸኝ ማይክራፎኑን ይዞ «አሁን የምትመለከቱት ድራማ ነው፤ ተማሪዎቻችን ያዘጋጁት ነው» ሲል አስተርጓሚዎቹ ውሃ ሊጠጡ ሄደው ነበር። ሲመለሱ እኔ መሃል ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ። «ወይንሸት እባላለሁ። አሥረኛ ክፍል ነኝ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» አልኩ። ይቺን ነው ያስተረጎሙት። ከዚህ ነው የጀመሩት። አንዷ አስተርጓሚ እየተረጎመች አብራኝ አለቀሰች። ሲያልቅ አንዲት የጀልዴሳ ወተት ሻጭ መጥተው አቀፉኝ፣ በኦሮምኛ መረቁኝ፣ ከቅላቸው ወተት ቀድተው አጠጡኝ። እኔ ጅሏ ትወናዬን የወደዱልኝ መስሎኝ ኩራቴ ሌላ ነበር።

በማግስቱ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ወደ ኋላ ዴስክ ተዛወረች። ሳምቡሳ የሚሸጡልን ሴትዮ ለሌላው በሰሃን እየሰጡ የእኔን በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ወሬው በግራና በቀኝ ከተቀመጡት ሰዎች ተነስቶ ሰፈር ለሰፈር ዞረና ወደ አማርኛ ሰሚዎቹም ተመለሰ። እነሱ «ድራማ ነው» ሲባል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ግን ከተማው ሁሉ ሌላ ሲናገር እነሱም መጠራጠር ጀመሩ። «ድራማ ነው ያሏት እንዳታፍር ብለው ነው» ተባለ። «በድራማ ማን እንደዚያ ያለቅሳል?» ተባለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቤት ለቤት እየዞረች «ድራማ ነው እኮ! የትምህርት ቤት ድራማ!» ብላ ማለች። ሰዎቹም እጇን ይዘው «እሺ፣ ድራማ ነው፣ እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል» ይሏታል። አዝነውላት ነው። ክፉ ቢናገሩን ተጣልተን ይወጣልን ነበር። ያዘነልህን ሰው ምን ትለዋለህ? እኛ በካድን ቁጥር እነሱ ይብስ ያምናሉ፤ ዝም ባልን ቁጥርም ያምናሉ።

እኔ ግን ዝም የምል ልጅ አልነበርኩም። ሰኞ በሚኒ ሚዲያ ወጥቼ «የለብኝም!» ብዬ እንድናገር ፍቀድልኝ ብዬ ቲቸር ገዛኸኝን ያዝኩት። መሀረቡን ግንባሩ ላይ ጫነ።

«ይፈቀድልሻል» አለኝ። «ግን አስቢው፣ ወይንሸት። አንቺ ተጣድፈሽ የለብኝም ስትይ፣ ያለበት ልጅ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቢሰማሽ ምን ይመስለዋል?»

«ማን አለ እዚህ ያለበት?» አልኩት ተናድጄ። ትከሻውን ሰበቀ። ሊቆጣኝ እንኳን አቅም አልነበረውም፤ ጥፋቱ የሱም እንደሆነ ያውቃል።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው የውሃ ቧንቧ ፊቴን ስታጠብ ያ ሽቶ መጣ። ነጂማ ነበረች። ያኔ አንቀራረብም፤ እሷ ሌላ ሴክሽን ናት፣ የመጋላ ልጅ፣ እናቷ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሦስቱንም ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ የምታወራ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚያያት ቆንጆ። በዚያ በወላጆች ቀን እናቷን ይዛ ዘግይታ ደርሳ፣ በግራ በኩል፣ ዛፉ ሥር ነው የተቀመጠችው።

«ወይኒ» አለችኝ፤ ከዚያ በፊት በስሜም ጠርታኝ አታውቅም። «ሰኞ ልትናገሪ ነው ይባላል። ምንድን ነው የምትናገሪው?»

«ምን አገባሽ?»

«አቦ አትቆጪኝ።» ግራ ቀኝ አየች። «እኔም ነኝ። ወላሂ፣ እኔም ነኝ። ሐረር ሄጄ ተመርምሬ።»

የድሬ ሰው ሐረር ሄዶ ይመረመራል፣ የሐረር ሰው ድሬ መጥቶ ይመረመራል፤ ያኔ ደንቡ ይኼ ነበር፤ ማንም የሚያውቀው ሰው ፊት ደሙን አይሰጥም። ሰውየው ነጋዴ እንደሆነ ነገረችኝ፤ መጋረጃ ያለው መኪና የሚነዳ፣ ሽቶውንም ሰዓቱንም ጫማውንም ከጅቡቲ የሚያመጣላት። ከሱ በቀር ማንንም አታውቅም። ወንድሞቿ ቢሰሙ ይገድሏታል፤ እናቷ ብትሰማ እናቷ ትሞታለች። «ራሴን ላጠፋ ነበር» አለችኝ፣ ጥርሱን አስነቅሎ የመጣ ሰው በሚያወራበት ድምፅ። «አንቺን ሳይሽ ነው የተውኩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመሽ ስትናገሪ፣ ይቺ ከቻለች እኔም እችላለሁ አልኩ።»

ድራማ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን አየሁት። አፌን ዘጋሁት።

«ሰኞ ምንድን ነው የምትናገሪው?» አለችኝ እንደገና።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አልናገርም።»

በቃ፣ እንዲህ ነው የተያዝኩት። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያች ቧንቧ አጠገብ እስከ ዛሬ የተነሳሁ አይመስለኝም። ዋሸሽ የሚለኝ ካለ ይበል፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ ነው የምመልስላት። ሰኞ ማይክራፎኑን ሌላ ልጅ ወስዶ ግጥም አነበበበት። እናቴ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የእኔና የነጂማ ናቸው። ባጅያችንን ገዝተን የባቡር ጣቢያው አጥር ሥር እንቀመጣለን፤ ከአንድ ብርጭቆ ቪምቶ እንጠጣለን፤ እሷ ስትስቅ መንገዱ ሁሉ ዞሮ ያየናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳል ይይዛትና ትፈራለች፤ ያኔ «አንቺስ? አንቺን ምን ምን ያምሻል?» ትለኛለች። እፈጥራለሁ። «ሌሊት ያልበኛል» እላታለሁ፤ ድሬ ውስጥ ሌሊት የማያልበው ማን እንዳለ! መድኃኒት አለ የሚባለው ሩቅ አገር ነው፣ የሚገዛውም ሀብታም ነው። ሁለታችንም እንደምንሞት ታምናለች፤ አብረን እንደምንሞት ማመኗ ነው የያዛት። ሰውየው መኪናውን ሸጦ ከከተማ ጠፋ፤ በኋላ እዚያው በሄደበት አረፈ ሲባል ሰማን። ነጂማ አላለቀሰችም። ሽቶውን ብቻ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ደፋችው።

ዓመታት አለፉ። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ያዝኩ፤ ሽማግሌ የሚልክብኝ ግን አልነበረም። ሁለቴ ተጀምሮ ሁለቴም የእኔ ስም ከሰፈር ሲጠየቅ ተቋረጠ። ዳንኤል ሲመጣ የከተማውን ወሬ የማያውቅ መስሎኝ ነበር፤ ያውቃል። «ተመርምረን እንጋባለን፤ የሁሉም ሰው ደንብ ነው» አለኝ። እውነትም ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያለ ምርመራ ወረቀት አያጋቡም ነበር። እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ተጋባሁ ማለት የለብኝም ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ነጂማም ታውቃለች። አላገባም ብል ዕድሜዬን፣ አገባለሁ ብል ነጂማን አጣለሁ። እናቴ ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ወረቀቱ ሳይወጣ ለጎረቤት ማውራት ጀምራለች። ነጂማ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ እንደሌለብኝ ራሴ ነገርኳት። ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር እየሄድን ነበር። ቆመች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እንግዲህ ብቻዬን ነበርኩ» አለች። ዞራ ሄደች።

ሠርጌ ላይ አልመጣችም። አጃቢው ሲጨፍር እኔ በሩን ነበር የማየው። ነጂማ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ እየፈራሁ ጫጉላዬ አለፈ። ወራት ቆይታ፣ ከተማው ተኝቶ ፀሐይ ብቻ በምትሄድበት ሰዓት ቤቴ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ቀጥናለች፤ ቀሚሷ ብቻውን የቆመ ነው የሚመስለው። ውሃ እንኳን ሳትጠጣ ጀመረች።

«ሆስፒታል መድኃኒት መጥቷል፣ በነፃ። ሰው ሳያየኝ ግን መግባት አልችልም።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አብረሽኝ አይደለም።» አንገቷን ደፋች። «ሰልፉ ላይ አንቺ እንደታመምሽ ሆነሽ ቁሚልኝ፤ እኔ አስታማሚሽ ልሁን። ስማችንን ሲጠሩ ውስጥ ገብተን እውነቱን ለሐኪሙ እንነግረዋለን። አንቺን ካዩ እኔን አያዩኝም፣ ወይኒ። አንቺን ለምደውሻል።»

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የከተማው አፍ ገና መዘጋቱ ነበር፤ አማቴም ገና መሳቅ መጀመራቸው። የዚያን ቀን በጣም ጠላኋት። ለምን እኔ? ለምን ሁልጊዜ እኔ? ግን ጉንጯ ገብቶ ሳየው እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ሄድን። አግዳሚው ላይ እኔ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ፣ እሷ የእኔን ቦርሳ ይዛ ቆመች። የአማቴ የዕቁብ ጓደኛ ልጇን ልታስከትብ መጥታ አየችን። «አይዞሽ» አለችኝ። ያቺ «አይዞሽ» ከእኛ ቀድማ ሰፈር ደረሰች። «ወረቀቱንማ በገንዘብ አውጥታው ነው» ተባለ። አማቴ ለእኔ የተለየ ብርጭቆ ለዩልኝ። ዳንኤል አንድ ቀን ብቻ «ማንን ነው የምታስታምሚው?» አለኝ። «አትጠይቀኝ» አልኩት። አልጠየቀኝም፤ ግን ወር ሙሉ ፊቱ አልተፈታም። በየወሩ ሄድን፤ ኋላ በየሦስት ወሩ። ነጂማ ሥጋ ለበሰች፣ ሳቋ ተመለሰ፣ እዚያው ክሊኒክ ከተዋወቀችው ሰው ጋር ተጋባች፣ ጤነኛ ወንድ ልጅ ወለደች። ዛሬ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ እስከማይታይ ድረስ ተኝቶላታል። ከባሏና ከእኔ በቀር ይኼንን የሚያውቅ የለም። ሶስና «አክስቴ» ነው የምትላት።

የዚህ ሳምንት ጣጣዬ እንግዲህ ይኼ ነው። ማስፈራራቱ ሲያቅተኝ ማክሰኞ ዕለት ሶስናን ምሳ ላይ አስቀምጬ፣ ስም ሳልጠራ፣ ቦታ ሳልጠራ፣ «አንዲት የማውቃት ልጅ ነበረች» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሰውየው፣ ስለ ስጦታው ነገርኳት። እንዲህ ዝም ብላ ሰምታኝ አታውቅም። ስጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ልጅቷ አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ምን?»

«አውቃለሁ እኮ እማ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አራተኛ ክፍል እያለሁ ነው የነገሩኝ። እናቴ ካለባት እኔም ተወልጄበታለሁ ማለት ነው። ታዲያ ማንን ነው የምጠነቀቀው?»

ይቺ ልጅ ስትስቅብኝ የነበረው ስላልገባት አልነበረም። ያለቀላት መስሏት ኖሯል። ስንት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው፣ ለማንም ሳትተነፍስ።

«የለብኝም፣ የኔ ልጅ! አንቺም የለብሽም! ነገ እንመርመር፣ አሁን እንሂድ!»

«አልመረመርም። ማወቅ አልፈልግም።» እንባዋን ጠረገች። «የለብኝም ካልሽ፣ በየሦስት ወሩ ሆስፒታል የምትሄጂው ለማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሆስፒታል አብራኝ የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ እንደሆነች ልጄ ታውቃለች። እኔ አይደለሁም ካልኩ ነጂማ ናት ማለቴ ነው። ዝም አልኩ። ሶስናም ራሷን ነቀነቀች፤ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጠረችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም።

በማግስቱ ሳቢያን ሄድኩ። ነጂማ ቬንትሌተሩ ሥር ቁጭ ብላ ጨርቅ ታጥፋለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«ስሜን እንዳትጠሪ» አለችኝ። «ልጄ አያውቅም። ወንድሞቼ አያውቁም። እናቴ ሳታውቅ ነው የሞተችው፣ ወይኒ።»

«አውቃለሁ። ልለምንሽ አይደለም የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«የምሄድበት ስለሌለኝ።»

ጨርቁን ማጠፍ ቀጠለች። ሻይ እንኳን አላፈላችልኝም፣ አልሸኘችኝምም። በባጃጅ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ጠበበኝ። ያኔ ከዚራ ዛፎቹ ሥር «እንግዲህ ብቻዬን ነበርኩ» ያለችው ገባኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ነጂማ ራሷ መጣች። ቤቱ ደህና፣ ልጁ ደህና ሳትል በቀጥታ ገባች። ሶስና ፍራሹ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች።

«ሶሲ፣ ነይ ተነሽ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ውጪ።»

ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ሰው አለ፤ እትዬ አስካለ፣ ከእኔ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት፣ ልብስ ያጥባሉ፤ ሁለት ተከራዮች ምስር ይለቅማሉ። መስኮታችን በሙቀቱ ምክንያት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተመልሼ ገባሁ።

«መስኮቱን ልዝጋው?» አልኳት።

«ተይው።»

«ነጂማ፣ ሰው ይሰማል እኮ።»

«ተይው አልኩሽ። ኻላስ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀስ ብላ ታወራለች ብዬ ነበር። አላደረገችውም። ገበያ ውስጥ ከወዲያ ማዶ ያለ ደንበኛ በምትጠራበት ድምፅ ነው የጀመረችው።

«ስሚ፣ ሶሲ። እናትሽ የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም። ሆስፒታል ስትሰለፍ የኖረችው ለእኔ ነው። ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ነጂማ። በአንቺ ዕድሜ ነው የያዘኝ፤ እንዴት እንደያዘኝም ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

የእትዬ አስካለ እጅ አረፋው ውስጥ ቆመ። ምስር ለቃሚዎቹ ቀና አሉ። ሦስቱም መጀመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ውስጥ ሶስና ስታለቅስ ተሰማኝ፣ ነጂማም አላቋረጠችም። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ የጠበቅኩት ቀን ይኼ ነበር። ግን ደስ አላለኝም፤ የታየኝ ያ ክፍት መስኮት ብቻ ነው፤ ሮጬ ልዘጋው ፈለግሁ፣ ግን «ተይው» ያለችው እሷ ናት፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀረሁ።